ቆዳቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ትሎች

የሐር ትል ለማየት የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «አይነክስም?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ደግሞ «ያዋጣል ግን?» ይላል። ስለ ቆዳቸው የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የታናሽ እህቴ ባል ነበር። ስለዚህ ሰው መጻፍ በጀመርኩ ቁጥር ልቤ ለሁለት ይከፈላል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ምንኛ በቀለለኝ። ክፉን ረግሞ መገላገል ይቻላል።

ያኔ ከአዳማ ወደ መልካሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ግለሰብ ባቋቋመው ትንሽ የሐር ትል ማርቢያ ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራዬ ዘር መጠበቅ ነው፤ የትኛው የእሳት እራት ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ፣ የትኛው እንቁላል ለሚቀጥለው ዙር እንደሚቀመጥ የምወስነው እኔ ነበርኩ። ቤቱ ረጅም የጭቃ ቤት ነው። ከቆርቆሮው ሥር ሙቀት እንዲያበርድ ሣር ደልድለንበታል፤ መስኮቶቹ ላይ ጆንያ እያረጠብን እንሰቅላለን፤ የዚያ አገር አቧራ ግን እርጥብ ጆንያም አይበግረውም። ትሎቹ ሰፌድ ላይ፣ ሰፌዶቹ መደርደሪያ ላይ፣ የመደርደሪያው እግሮች ደግሞ ጉንዳን እንዳይወጣባቸው ውኃ በሞላ ጣሳ ውስጥ ናቸው። ቅጠል ስንሰጣቸው የሚሰማው ድምፅ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ቆሎ ሲቆረጥም ይመስላል። እኔ ያን ድምፅ እወድ ነበር። ከሰው ወሬ ይሻላል።

በሙያችን አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ፤ ቆዳው ያብለጨለጨ ትል ይጣላል። ክፉ በሽታ የያዘው ትል መጀመሪያ ቆዳው ይወጠራል፣ ያብረቀርቃል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ከውስጡ የሚወጣው ፈሳሽ የነካውን ሁሉ ይጨርሳል። ስለዚህ የሚያብለጨልጭ ትል የታየ እንደሆነ በመቆንጠጫ ተነስቶ ኖራ የተነሰነሰበት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ የያዘውም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠባል። ሐዘን የለም፣ ምርመራ የለም። በዚህ ሕግ ስንት ጤነኛ ትል ሕይወቱ አልፎ ይሆን እያልኩ የማስበው አሁን ነው።

አንድ ጠዋት ሰፌድ ሳጸዳ፣ እንደ ወተት ከነጡት ትሎች መካከል ጥቂቶቹ ቅቤ የነካው ወረቀት መስለው አየኋቸው። ቆዳቸው ብርሃን ያሳልፋል። የበሉት ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ በሆዳቸው ውስጥ ሲሄድ ይታያል፤ ጀርባቸው ላይ ያለው ቀጭን ደም ሥር ሲመታ ይታያል። ግን አላበጡም። ይበላሉ። እንደ ሌሎቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ያንቀላፋሉ። ለብቻቸው ሰፌድ ሰጠኋቸው። አብረውኝ የሚሠሩት፣ ከእኔ በዕድሜ ብዙ የሚበልጡ ሴትዮ ጮኹብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ በሽታ ታስታምሚያለሽ እንዴ? አንዱ ሲፈነዳ ሁላችንንም ሥራ ፈት ልታደርጊን ነው!»

«እማማ፣ ይዩዋቸው እስቲ፤ አላበጡም እኮ።»

«እኔ ዐይኔ ታመመ? ያብለጨልጫሉ! ያብለጨለጨ ይጣላል!»

አልተጣሉም። አደጉ፣ ሐራቸውን ፈተሉ፤ ሐሩ ትንሽ ሳሳ ያለ ቢሆንም ሐር ነበር። እኔም ነገሩን ካነበብኩትና በኮሌጅ ከተማርኩት ጋር አገናኘሁት። ደህናው ትል ነጭ የሚመስለው በቆዳው ውስጥ እንደ ኖራ ያለ ነጭ ጨው ስለሚያከማች ነው። ያ ጨው መጋረጃው ነው። እነዚህ ግን ጨውን ቆዳቸው ውስጥ ማስቀመጥ አልሆነላቸውም፤ መጋረጃ ሳይኖራቸው ተወለዱ። በሽታ አይደለም፣ አይጋባም፤ በዘር የሚመጣ ነው። የሚገርመው ደግሞ እናትና አባታቸው ነጭ መሆናቸው ነው። ይህ ነገር የሚገለጠው ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ ነው። ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰው ነጭ ሆኖ ይኖራል፤ ተሸክሞት እንደሚዞር ማንም አያውቅበትም፣ ራሱም አያውቅም።

በተሸከሙት መካከል ጋብቻ ሲሆን ነው ጉዱ የሚወጣው፤ ከአራት ልጆች አንዱ ገደማ መጋረጃ የሌለው ይሆናል። ይህን ለማረጋገጥ የእነዚያን ትሎች ነጫጭ እህትና ወንድሞች እርስ በርሳቸው አገናኘሁ። በእኛ ሥራ ነውር አይደለም፤ ዘር የሚጠራው እንደዚያ ነው። ወንዱንና ሴቷን ወረቀት ላይ አስቀምጬ ሲኒ ደፋሁባቸው፤ ሌላ እንዳይገባ፣ እነሱም እንዳይሄዱ። እንዳሰብኩት ሆነ።

እህቴ የወለደችው በዚያው ሰሞን ነው።

አዳማ ውስጥ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ባሏ የወለንጪቲ ልጅ፣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ በጅቡቲ መንገድ ላይ የሚኖር ሰው ነው። ሳቂታ ነበር። ቤታችን ሲመጣ እናቴን «እማዬ» ብሎ ጉንጯን ስሞ በቀጥታ ወደ ድስቱ ነው የሚሄደው። ሲጋቡ የሁለቱም ቤት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሰባት ቤት ቆጥረዋል፤ እስከ ሰባት ድረስ ዝምድና ካለ ጋብቻ የለም። የእሱ አባት የወገናቸውን ቆጠራ ሳይተነፍሱ ተወጡት። የእኛ ወገን ግን በአያታችን ላይ ቆመ። አያታችን በረሃብ ዘመን ሕፃን ሆኖ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ተገኝቶ፣ አንድ የሐዲድ ሠራተኛ ያሳደገው ሰው ነው። አባቱ ማን እንደሆነ እስኪሞት አላወቀም። ሽማግሌዎቹ ተያዩና «ከሩቅ የመጣ ነው፤ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል» ብለው አለፉት። እልል ተባለ።

የተወለደችው ልጅ ፀጉሯ ነጭ፣ ቆዳዋ ነጭ፣ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ነጭ ነበር። አልቢኖ ናት ብሎ ሐኪሙ ነገረን፤ ዐይኗንና ቆዳዋን ከፀሐይ ጠብቁ፣ ሌላ ነገር የለባትም አለ። እኛ እሺ አልን። የእህቴ አማት ግን ከወለንጪቲ ቅቤና የገብስ ዱቄት ይዘው ሊጠይቁ መጡና፣ ልጅቷን ገልጠው አዩ፣ መልሰው ሸፈኗት። «ይቺ የማን ናት?» አሉ። ሆቴል የምትሠራ ሴት፣ ነጭ ልጅ፣ መንገድ ላይ የሚውል ባል። ወሬ ለመሥራት ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልጋል? የሰው አፍ ማን ይዘጋል። የግቢው ተከራዮች እንኳ እህቴ ስታልፍ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ።

ባሏ ከጅቡቲ ሲመለስ ልጅቷን ታቀፈ፤ ብዙ አያት። ከዚያ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ተኛ። በማግስቱም እዚያው። አልሰደበም፣ እጁን አላነሳም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያላት፦ «ንገሪኝና እምርሻለሁ።» እህቴ ስትነግረኝ ድምፅ አልነበራትም። «ምን ብዬ ልንገረው? የምትምረኝ ነገር የለም ብለው ደግሞ ‘ጭራሽ ትደርቅብኛለች’ አለኝ» አለች። በሕይወቴ ሰው መምታት የፈለግኩት ያን ዕለት ነው። ግን መኪናው ድረስ ሄጄ ሳየው፣ ሰውየው መሪው ላይ ተደፍቶ ነበር፤ ያልታጠበ፣ ያልበላ። «ተነስ» አልኩት። «ወደ ሥራ ቦታዬ ትሄዳለህ።»

በባጃጅ ወሰድኩት። ሰፌዱን አወረድኩና ፊቱ አስቀመጥኩለት። አብዛኞቹ ነጭ፣ በመካከላቸው የሚያሳልፉት። ጎንበስ ብሎ አያቸው።

«እነዚህ ቆዳቸው ምን ሆኖ ነው?»

«እንደዚያ ሆነው ተወለዱ። የነዚህ ሁሉ እናት አንድ ናት። አባታቸውም አንድ ነው።»

«እናትየው ከሌላ ወንድ...» ብሎ አቆመ።

«ሲኒ ደፍቼባቸው ነበር» አልኩት። «ሌላ ወንድ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። እኔ ነኝ ያጋባኋቸው፣ እኔ ነኝ የጠበቅኳቸው።»

«ሁለቱም ነጭ ነበሩ?»

«ሁለቱም።»

አንዱን የሚያሳልፍ ትል አንስቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠው። የትሉ ጀርባ ላይ ደም ሥሩ ይመታል። የሾፌር መዳፍ፣ ግሪስ የማይለቀው። ትሉ ቀና ብሎ ቅጠል ፈለገ።

«ታዲያ ከየት አመጡት?»

«ሁለቱም ይዘውት ነበር። በአንድ ወገን ብቻ ሲያዝ አያስታውቅም።»

«ሁለቱም ከየት ያዙት?»

«እነሱማ እህትና ወንድም ናቸው» አልኩት። ወዲያው ደግሞ «ሰው ግን እንደዚያ መሆን የለበትም፤ ምንም የማይዛመዱ ሁለት ሰዎችም ሊይዙት ይችላሉ፤ ብዙ ሰው ይዞት ይዞራል» ብዬ ጨመርኩ። ራሱን ነቀነቀ። ራስ የነቀነቀ ሁሉ የሰማ ይመስለኝ ነበር ያኔ።

ከዚያ አለቀሰ። ሰፌዱ ላይ እንዳይንጠባጠብ በክርኑ እየጠረገ አለቀሰ። ሴትዮዋ ከወዲያ ጥግ «ምነው፣ ሞተበት?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ተወለደለት» አልኳቸው።

ያን ዕለት ቤት ገብቶ እህቴ እግር ላይ ወደቀ። እሷ ቶሎ ይቅር የምትል ዓይነት አይደለችም፤ ግን ልጅቷን ከእጇ ሲወስድ አልከለከለችውም። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ጥሩ ነበሩ። እውነቱን መናገር አለብኝ፣ በጣም ጥሩ ነበሩ። የአሻንጉሊት የምታክል ባርኔጣ ገዛላት። መኪናው መስኮት ላይ መጋረጃ ሰፋ፤ ስታድግ አብራው ትሄዳለች ብሎ። ክርስትናዋ ላይ እሱ ራሱ ታቅፏት ለሚጠይቀው ሁሉ «ከሁለታችን ነው ያመጣችው፤ እኔም አለብኝ» ይል ነበር፤ እንደሚያኮራ ነገር። እኔም የሰው ልጅ ከተነገረው ይገባዋል ብዬ ደስ አለኝ።

ችግሩ እናቱን ዝም ለማሰኘት ወለንጪቲ የሄደ ጊዜ መጣ። እናቱ ዝም አሉ፤ የሰሙት አባቱ ናቸው። አባቱ እርጋታ ያላቸው፣ በአካባቢው ዘር ለማስቆጠር የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ያለውን ሁሉ ሰሙት። ልጅቷ የልጃቸው መሆኗን ወዲያው አመኑ፤ እህቴን የጠረጠሩትን ሁሉ ተቆጡ። ቀጥለው ደግሞ ጠየቁት፦ «ሁለታችሁም ይዛችሁታል። እሺ። ከየት?» እሱም የሰማውን ነገራቸው። ትሎቹ እህትና ወንድም መሆናቸውን ነገራቸው። እኔ ወዲያው የጨመርኩትን ግን አልነገራቸውም፤ ወይም ነግሯቸው አልሰሙትም። ከድጡ ወደ ማጡ የገባነው እዚያ ላይ ነው።

ሽማግሌዎች እንደገና ተቀመጡ፤ በአባቱ ግቢ፣ የቆርቆሮ ዳስ ሥር። እኔም ተጠራሁ። ሙቀቱ ያፍናል፤ ፊት ለፊታችን በትልቅ ጀሪካን ውኃ ተቀምጧል፣ ማንም አይጠጣም። እህቴ ልጇን በነጠላ ሸፍና ከአጎቴ ጎን ተቀምጣለች። ባሏ ከአባቱ ኋላ።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ አባቱ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነው። «ያሳየሽው ትል፣ ወላጆቹ እህትና ወንድም ናቸው ያልሽው እውነት ነው?»

«እውነት ነው አባባ፣ ግን—»

«ግኑ ይቆይ። እህትና ወንድም ባይሆኑ ያንን ልጅ ያገኙት ነበር?»

«ሊያገኙ ይችላሉ። ሰው ላይ ደግሞ—»

«እኔ የጠየቅኩሽ ስላየሽው ነው። አንቺ ባየሽው ላይ፣ ዘመድ ያልሆኑ ሁለቱ እንደዚያ ወልደው አይተሻል?»

አላየሁም። ዘመድ ያልሆኑትን አጋብቼ አላውቅም፤ እንደዚያ አይሠራማ። ይህን ለማስረዳት አፌን ስከፍት ሽማግሌዎቹ አስቀድመው አጉረመረሙ። አዲስ አበባ ሄደው ደም ቢመረመሩ ዝምድና ይኑራቸው አይኑራቸው ይታወቃል አልኩ። «ደም በብልቃጥ አይቆጠርም» አሉኝ፤ «ደም የሚቆጠረው በአፍ ነው።» ከዚያ ቆጠራው ተጀመረ። እሳቸው ሰባቱን ተወጡት። አጎቴ አባቱን ጠራ፣ ባቡር ጣቢያው ላይ ደረሰና ቆመ።

ያው ቦታ ነው። ያው ክፍተት። በሠርጉ ጊዜ «አይታወቅም፣ ስለዚህ ዘመድ አይደለም» የተባለበት፤ አሁን «አይታወቅም፣ ስለዚህ ዘመድ ሊሆን ይችላል» ተባለበት። አባቱ በእሳቸው አያት ዘመን በረሃብ ሲሰደዱ መንገድ ላይ ከቤተሰባቸው የጠፋ ሕፃን ወንድ ልጅ እንደነበረ ተናገሩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነስቶ ራሱን ያዘ። ጉዳዩ እዚያው አለቀ።

በዚህ አገር መንገድ ላይ ልጅ ያልጠፋበት ቤት የት አለ? ብዬ ጮህኩ። የጮህኩትን አስታውሳለሁ፣ ድምፄ ሲሰበርም አስታውሳለሁ። ማንም አልተቆጣኝም። እንደ ሐዘንተኛ ነው ያዩኝ። ክፋት ቢኖርበት ደግሜ እላለሁ፣ ይቀለኝ ነበር። አባቱ ሲፈርዱ እንባቸው ጺማቸው ላይ ይወርድ ነበር። «ሰባት ቤት ሳይሞላ የተጋባ፣ ልጁን ነው የሚያስቀጣው። ሌላ ቢወልዱ ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል። ከእንግዲህ እህትና ወንድም ሁኑ» አሉ። ልጅቷን ተቀብለው ግንባሯን ሳሙ፤ «የእኛ ናት» አሉ። ከዚያ ሁለቱን አስነስተው፣ አንዱን የሌላውን ጉልበት አስነክተው መረቋቸው።

እህቴ ባሏን ተመለከተችው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምትጠብቀው። አባቱን እንቢ እንዲል። ሰው ሁሉ ሲያማት የአገር ወሬ የተቋቋመች ሴት ናት፤ አንድ ቃል ቢሰጣት የቀረውን እሷ ትሸከመው ነበር። እሱ ጎንበስ ብሎ የአባቱን ጉልበት ሳመ።

ሰው አንደበትሽ ነው ቤታቸውን ያፈረሰው ይለኛል። አልቀበልም። ልጅቷ የአባቷ እንድትባል ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ነገም ቢሆን ያንኑ ሰፌድ አውርጄ አሳየዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ጣቢያው ላይ የተገኘው ሕፃን ወለንጪቲ መንገድ ላይ የጠፋው አይደለም ብዬ በሙሉ አፌ መማል አልችልም። ማንም አይችልም። የዚያ ክፍተት ጎን ቆመው እነሱም እንደ እኔ ያዩት ምንም የለም፤ ልዩነታችን እነሱ ባላዩት ነገር ፈረዱ፣ እኔ ባላየሁት ነገር እንቅልፍ አጣሁ።

ማርቢያ ቤቱም ብዙ አልቆየም። ውኃ አጠረ፣ ቅጠል ጠፋ፣ ባለቤቱ ቦታውን ለብሎኬት አምራች አከራየው። የሚያሳልፉትን ትሎች እንቁላል በወረቀት ጠቅልዬ ቤት ወሰድኩት፤ በዚያ ዓመት ሙቀት ደረቀ። ያ ነገር ዛሬም የትኛውም ነጭ ትል ውስጥ ተደብቆ ሊኖር ይችላል፤ ማየት ግን አልቻልኩም፣ አልፈለግኩምም።

እህቴ አላገባችም። እሱም አላገባም። መኪናው በአዳማ ባለፈ ቁጥር ይመጣል፤ ለልጅቷ ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ጥቁር መነጽር ይዞ። ከበሩ አያልፍም። በረንዳው ጥላ ላይ በርጩማ ይወጣለታል፣ እህቴ ውኃ ታቀርብለታለች። ሽማግሌ የመረቀውን አያፈርስም፤ «እህቴ፣ ደህና ሰነበትሽ?» ይላታል፣ ዐይኑን ውኃው ላይ ተክሎ። እሷም «ይመስገን» ትላለች። ልጅቷ መካከላቸው ሆና፣ በዚያ ብርሃን በሚያስቸግረው ዐይኗ አንዴ እሱን አንዴ እናቷን ታያለች።

አባቷ መሆኑን ነግረናታል፤ ደጋግሜ የነገርኳት እኔ ነኝ። ግን አሁን አድጋለች፣ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ነገር በራሷ ታገናኛለች። ባለፈው ሲመጣ በረንዳው ላይ ነበርኩ። እሱ እንደ ልማዱ እህቴን ሰላም አላት። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና ባርኔጣዋን ቀና አድርጋ፣

«አጎቴ» አለችው።

እህቴ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች። እሱ ወደ እኔ አየ፤ እንዳስተካክልላት የለመነኝ መሰለኝ። እኔ ግን መጠበቅ ፈለግኩ፤ ቢያንስ ይቺን አንዲት ቃል እሱ ራሱ ይንገራት ብዬ። ዐይኑን ከእኔ ወደ ልጅቷ መለሰ። ከዚያ ግሪስ በማይለቀው እጁ ነጭ ፀጉሯን ዳሰሰና፣

«ወዬ» አላት።